ላም አለኝ በሃሪስበርግ

ሰው ሲመሰገን አይወድም የሚባለው ውሸት ነው። ስለዚህ ዛሬ የማመሰግናቸው ሰዎች አሉኝ። የዋሽንግተን ናሽናልስ የቤዝቦል ቡድን ደጋፊዎች ናቸው። ሁሉም ግን አይደሉም። ስታዲየም ገብቶ፣ ሆት ዶግ በልቶ፣ ቡድኑ ሲሸነፍ ተሳድቦ ቤቱ የሚገባውን ተራ ደጋፊ አይመለከትም። እሱ እንደ ማንኛችንም ነው። የእኔ ምስጋና ዋናውን ቡድን ትተው ገና ያልመጡትን ልጆች ለሚከተሉት ነው። ተስፈኞቹን።

መጀመሪያ የሚኖሩበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። ናሽናልስ በ2019 የወርልድ ሲሪስን ዋንጫ በላ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቁልቁል ነው። በ2022 ከ162 ጨዋታ 107ቱን ተሸነፈ፤ በሊጉ ከእሱ የባሰ አልነበረም። በ2023 71 ጨዋታ አሸነፈ። በ2024 እንደገና 71። በ2025 ደግሞ 66። ሌላ ሰው ቢሆን ማልያውን የመኪና መወልወያ ያደርገው ነበር። እነዚህን ግን ፊታቸው ፈክቶ ታገኛቸዋለህ። "ቡድናችሁ እንዴት ሆነ?" ስትላቸው "አሪፍ ነው! ሃሪስበርግ ትናንት አሸነፈ" ይሉሃል።

ሃሪስበርግ ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ በአሜሪካ ቤዝቦል ትልቅ ቡድን ሁሉ ከሥሩ ታናናሽ ቡድኖች አሉት። ብራንች ሪኪ የሚባል ሰው በ1920ዎቹ ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ያመጣው ብልሃት ነው። ተጫዋች በውድ ከመግዛት ልጅ ሰብስቦ ማሳደግ። እርሻ ብለው ይጠሩታል። የናሽናልስ እርሻ፣ ከጀማሪዎቹ አካዳሚ በላይ፣ ፍሬድሪክስበርግ ይጀምራል፤ ቨርጂኒያ፣ 95 አውራ ጎዳና ካልተዘጋጋ ቅርብ ነው (ሁልጊዜ ዝግ ነው)። ከዚያ ልጁ ደላዌር ዊልሚንግተን ይወጣል። ቀጥሎ ፔንስልቬንያ፣ ሃሪስበርግ። መጨረሻ ሮቸስተር፣ ኒውዮርክ። ከሮቸስተር በኋላ ዋሽንግተን ነው። ዊልሚንግተን ላይ ቡድኑ ነጥብ ባገባ ቁጥር ሚስተር ሰለሪ የሚባል፣ እንደ ሰለሪ የለበሰ ሰው እየጨፈረ ይወጣል። ሾርባ ውስጥ የሚገባው ሰለሪ። እኔ አልጨመርኩበትም።

ከእኛ ሰዎችም ይህን መንገድ የያዙ አሉ። አይገርመኝም። ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣው እስኪወጣ ልጅ ወልዶ የዳረ ሕዝብ ለተስፋ አዲስ አይደለም።

አሁን ወደ ዕውቀታቸው ልግባ፤ ምክንያቱም ዕውቀት ነው። ልጅ ሲመዘን ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጠዋል። 50 መካከለኛ ነው። ለመምታቱ፣ ለጉልበቱ፣ ለሩጫው፣ ለክንዱ፣ ለመያዙ ለየብቻው። ያ ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሁለት ነጥብ አለው፤ አንዱ የዛሬው፣ አንዱ የወደፊቱ። "ጉልበቱ ዛሬ 40፣ ወደፊት 60" ይባላል። የወደፊቱን የሚያውቀው ማን እንደሆነ እንዳትጠይቅ። ዕውቀቱ ከደም ጋር ይዋሃዳል መሰለኝ፣ አንድ ወዳጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰርግ ላይ ሙሽራው እስክስታ ሲመታ ቆሞ አየውና "ትከሻው ዛሬ 35 ነው፤ ወደፊት ግን 50 ይገባል" አለኝ። ሙሽራው 41 ዓመቱ ነው።

የዚህ ዕውቀት ትልቁ ጸጋ አለመሳሳቱ ነው። ልጁ ሲመታ "አላልኩህም?" ነው። ሳይመታ ሲቀር "ኳሱን አጥብቆ እየመታ ነው፣ ሰው እጅ ላይ እየወደቀበት ነው እንጂ" ነው። አንድ ወር ሙሉ ሲጠፋበት "አቋቋሙን እያስተካከለ ነው"። እኩዮቹ ሲበልጡት "የሊጉ ታናሽ እኮ ነው"። የክንዱ ጅማት ተበጥሶ ቶሚ ጆን የሚባለውን ቀዶ ጥገና አድርጎ ዓመት ከመንፈቅ ሲተኛም "ጥሩ ነው፣ ትኩስ ሆኖ ይመለሳል"። ማይክል ጆርዳን በ1994 ቅርጫት ኳስ ትቶ በርሚንግሃም ለደብል ኤ ቡድን (ሃሪስበርግ ያለበት ደረጃ ነው) ሲጫወት .202 ነበር የመታው። ከአሥር ጊዜ ሁለቴ ማለት ነው። እነሱን ብትጠይቅ ግን እሱንም አይዘጉትም። "አንድ ዓመት ቢጨምር ኖሮ…"

ስትከራከራቸው ደግሞ ማይክ ፒያዛን፣ የድሮውን ተጫዋች፣ ያወጣሉ። ፒያዛ የማይረታ ማስረጃ ነው። በ1988 ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ልጆችን በየተራ የሚመርጡበት ነው) በ62ኛው ዙር፣ በ1,390ኛ ደረጃ ነበር ዶጀርስ የሚባለው ቡድን የወሰደው፤ በ2016 ግን የዝና አዳራሽ ገባ። ታዲያ ከ1,390ኛ የመጣ ሰው እያለ ተስፋ የሚቆረጥበት ልጅ ምኑ ነው? ከፒያዛ በፊት የተጠሩት 1,389 ልጆች የት እንደደረሱ ግን አይነሳም። እነሱን ማንሳት ሞራል መግደል ነው።

ባለፈው በጋ አሌክሳንድሪያ አንድ ክርስትና ተጠርተን ይኸው ወዳጄ አጠገቤ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ክትፎ፣ ከሳህኑ ሥር ስልክ። ስልኩ ላይ ሃሪስበርግ። ሜዳው ሳስኩዌሃና ወንዝ መሃል ያለ ደሴት ላይ ነው፤ ሲመሽ ያምራል፣ አልዋሽም። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ቄሱ ሲመርቁ ወዳጄ "ጎበዝ የኔ ልጅ!" ብሎ ጮኸ። ልጁ ምን ሠራ? ምንም። አራት መጥፎ ኳስ ሳይነካ አሳለፈና በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ሄደ።

ከጎኑ የተቀመጡት እማማ ወደ ስልኩ አጎንብሰው "የማን ልጅ ነው?" አሉት።

ወዳጄ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው አላቸው። በግራ ይመታል፣ በቀኝ ይወረውራል። አምና ትከሻውን አሞት ነበር፣ ዘንድሮ ግን ተሽሎታል። ክረምቱን ሰባት ኪሎ ጨምሯል፤ ሁሉም ጡንቻ ነው።

እማማ አንጀታቸው ተላወሰ። "እግዚአብሔር ያሳድግልህ ልጄ።"

"አሜን" አለ። አልደነገጠም፣ አላረመም።

"እናቱስ ደህና ናት?"

"እናቱን እንኳ አላውቃትም፣ እማማ።"

ጠረጴዛው ላይ ጉርሻ ቆመ። ባለቤቱ ቀና ብላ አየችው። እኔ ነኝ ቶሎ ብዬ ኳስ ተጫዋች መሆኑን፣ ዝምድናም እንደሌላቸው ያስረዳሁት። እማማ ሳቁ፤ ነገሩን ግን አልተዉትም።

"ደመወዙ ይበቃዋል?"

እዚህ ላይ ወዳጄ ትንሽ ቀዘቀዘ። ደብል ኤ ላይ ዝቅተኛው ክፍያ በዓመት 30 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ይህም የመጣው ተጫዋቾቹ ማኅበር አቋቁመው በ2023 የመጀመሪያውን ስምምነት ከፈረሙ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት 13,800 ነበር። "ታዲያ የት ያድራል?" አሉ እማማ። ወዳጄ አያውቅም። ወርዋሪ የለቀቃት ኳስ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትሽከረከር ያውቃል። ማደሪያውን ግን አያውቅም። ክለቦች ለአብዛኞቹ ልጆች ቤት እንዲያቀርቡ የተደረገው በ2022 ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ አንድ አፓርታማ ተደራርበው የአየር ፍራሽ ላይ ይተኙ ነበር። አንድ ልጅ መሬት ተኝቶ አድሮ በማግሥቱ ሦስት ጊዜ ስትራይክ አውት ሲሆን (ኳሱን ሳይመታ ሲወጣ) "አቋቋሙ ተበላሸ" ተብሎ ሰፊ ትንታኔ ይሰጥ ነበር። ትንታኔው ውስጥ ፍራሹ አልነበረም። ተከታይ በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ጊዜውን አያጠፋም፤ ይህም የሚመሰገንበት ነው።

"መቼም ካደገ በኋላ ለናንተ ይጫወታል" አሉ እማማ፣ ሊያጽናኑት።

"ካደገማ እንሸጠዋለን።"

እማማ ቀልድ መሰላቸው። ቀልድ አይደለም፤ ሆኗል። ሁዋን ሶቶ የሚባል የዶሚኒካን ልጅ ነበር። የ2018ን ዓመት ከታች፣ ያኔ ከእርሻው ቡድኖች አንዱ ከነበረው ሃገርስታውን ጀምሮ በሜይ ወር ዋሽንግተን ገባ። ዕድሜው 19 ነበር። በዓመቱ ዋንጫ አመጣ። የ15 ዓመት ውል በ440 ሚሊዮን ዶላር ሲያቀርቡለት አልፈልግም አለ፤ በኦገስት 2022 ለሳንዲያጎ አሳልፈው ሰጡት። ገና 23 ዓመቱ ነው! ሌላ ከተማ ቢሆን ሰልፍ ይወጣ ነበር። የእኔዎቹ ምስጉኖች ግን ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አጡ። በሶቶ ምትክ የመጡት ተስፈኞች ናቸዋ! ሲነጋጋ ወዳጄ የአምስት ልጅ ቪዲዮ ጨርሶ ነበር። ሶቶ በ2024 መጨረሻ ከኒውዮርኩ ሜትስ ጋር 765 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ወዳጄ ትከሻውን ሰበቀ። ሶቶ እኮ አድጓል፤ ያለቀለት ሰው ነው። ያለቀለት ሰው ምኑ ይጠበቃል?

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ጄምስ ዉድ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር። ሮቸስተር እያለ ወዳጄ ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። በጁላይ 1 ቀን 2024 ልጁ ዋሽንግተን ገባ፤ የፍቅራቸው መጨረሻም ያ ቀን ነበር። በ2025 ዉድ 31 ሆም ራን (ከአጥር የሚያልፍ ምት) መታ፤ ለኦል ስታር፣ ለምርጦቹ ጨዋታ፣ ተመረጠ። "እንኳን ደስ አለህ" ብዬ ደወልኩ።

"ስትራይክ አውት ያበዛል" አለኝ፣ ቅር ብሎት።

ሐሰት አላለም፤ ከ200 በላይ ነው። ግን ይኸው ልጅ ሮቸስተር ላይ ኳሷን ሲስት "እየተማረ ነው" ይባል ነበር። ዋሽንግተን ከመጣ በኋላ መማር ክልክል ሆነ። በቲቪ ማንም የሚያየውን ልጅ ማወቅ ምን ሙያ አለው? ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ አውቶቡስ ነጂው ሁሉ ዉድን ያውቀዋል። ወዳጄ ብቻውን ያወቀው ልጅ ነበር፤ የሕዝብ ሆነበት።

እንዲያውም ልቤን የነካው የዋንጫው ነገር ነው። ተራው ደጋፊ የ2019ን ዋንጫ ሲያነሳ እስከ ዛሬ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ወዳጄም ያዝናል፣ በሌላ ምክንያት። በእነዚያ ዓመታት ለዋንጫ ሲባል ተስፈኞች ተሸጡ፤ ዋንጫው በመጣ በሁለት ዓመት ውስጥ የናሽናልስ እርሻ ከሊጉ ባዶዎቹ አንዱ ሆነ። "ከባድ ጊዜ ነበር" ይላል። ሻምፒዮን የሆኑበትን ዘመን ነው የሚለው።

አሁን ግን ደጉ ዘመን ተመልሷል። ቡድኑ በቂ ስለተሸነፈ በ2025 ድራፍት የመጀመሪያውን ምርጫ አገኘ (ዕጣ አለበት፣ ግን ሽንፈቱ ይረዳል)። ከኦክላሆማ ኢላይ ዊሊትስ የሚባል ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ) ወሰዱ። ዕድሜው 17። ፊርማው 8.2 ሚሊዮን ዶላር። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ደግ ደጉን ያድርግለት። ወዳጄ ግን በዚያው ሳምንት ቤቱ ጠራኝ። ቡና ተፈላ፣ ወረቀት ተዘረጋ። የ2031 አሰላለፍ ነው፤ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ የተጻፈ። ዊሊትስ መሃል ላይ በትልቁ ተጽፏል። ከጎኑ ሁለት ስሞች አሉ፤ አንዱ ፍሬድሪክስበርግ ነው፣ ሌላው ገና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አካዳሚ ውስጥ ነው፣ ጺም አላወጣም።

ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። "ዉድስ የት ገባ?" አልኩት።

"በ2028 ሸጥነው" አለ፣ ቡናውን እያማሰለ። "ግሩም ግሩም ልጆች አመጣልን።"