ማስቲካ ሳንባ አያጥብም

ወገኖቼ የባሕር ዳር ሾፌሮች፣ ባለባጃጆችም ጭምር፣ እስኪ ዛሬ ስሙኝ። ጣና ዳር ሲመሽና ሲቀማመስ የሚሰማው ምክር ሁሌም አንድ ነው፦ «ትራፊክ ካስቆመህ ማስቲካ ጎርሰህ ንፋ»፣ «ነጭ ሽንኩርት ብላበት»፣ «ሎሚ ምጠጥ»። መካሪያችሁ ትራፊኩ የሚያስነፋችሁ የአልኮል መለኪያ መሣሪያ ሽታ የሚያነፈንፍ ውሻ መስሎታል! የሚለካው ከሳንባችሁ ውስጥ የሚወጣውን አየር ነው፤ በዚያ አየር ያለው አልኮል ደግሞ ከደማችሁ የተነነ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ሰፈሩን ያውደው እንጂ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

መሣሪያው አይሳሳትም አላልኩም። አረቄውን ጭልጥ አድርጎ ወዲያው የነፋ ሰው፣ አፉ ውስጥ የቀረችው ጠብታ ቁጥሩን ሽቅብ ትሰቅልበታለች፤ ያገሳ ወይም ያስመለሰ ሰውም እንዲሁ። ከመለካት በፊት ምንም ሳይቀምሱ 15 ደቂቃ መቆየት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው ትንፋሹ ስለሚሞቅ ውጤቱ ከፍ ይላል። ትንፋሽ አፍኖ መቆየት ይጨምረዋል፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ይቀንሰዋል። ልኩ በየጊዜው ያልተፈተሸ መሣሪያም አይታመንም። ስለዚህ «ጥቂት ጠብቁኝ፣ መንፊያውን ቀይሩልኝ» ማለት መብታችሁ ሊሆን ይገባል፤ ትራፊኮችም እንደ ድፍረት አትቁጠሩባቸው።

ግን ይህን ይዛችሁ «ማሽኑ ዋሸብኝ» አትበሉን። ብዙው መሣሪያ በ1 ሊትር ደም ያለው አልኮል በ2100 ሊትር ትንፋሽ ካለው ጋር እኩል ነው ብሎ ያሰላል። በብዙ ሰው ግን የ1 ሊትር ደም አልኮል ከ2100 ሊትር በሚበልጥ ትንፋሽ ካለው ጋር ስለሚተካከል፣ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ለጠጪው ያደላል። ከደማችሁ አሳንሶ ይነግራችኋል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ጫት ቅሞ በጨብሲ የሚያወራርደው ነው። ምርቃናው ቢያነቃውም ጉበቱ አልፈጠነም፤ ቡናም አያፈጥነውም። በደም ያለ አልኮል በአማካይ በሰዓት ከ1 ሊትር 0.15 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ በሊትር 1.5 ግራም ይዞ የተኛ ሾፌር፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የጎንደር ተሳፋሪ ጭኖ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ሲሻገር 0.6 ግራም ገና ደሙ ውስጥ አለ። ፊቱን ታጥቧል፣ ሸሚዙን ቀይሯል፣ ረዳቱም ምንም አልሸተተውም። እናንተ ባለመኪኖች፣ ሲጠጣ እንዳመሸ እያወቃችሁ ጠዋት ቁልፍ አትስጡት፤ የአንድ ቀን ገቢ ይቅርባችሁ።