ካርዱ ሲያጥር

የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ከታካሚ በሚሰማው መጎዳቱን ለማወቅ ፊቱን ከማየት የጻፈውን ካርድ ማንበብ ይሻላል። የታካሚን ታሪክ ገጽ ሙሉ ይጽፍ የነበረ ነርስ አሁን «በጦርነቱ ጉዳት ደርሶባታል፣ እንቅልፍ የላትም» ይልና መድኃኒት ያዛል። መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር እንደነበረች የለም። ሰንፎ አይደለም። ከጠየቀ መልሱ ማታ አብሮት ቤት ስለሚገባ ነው የማይጠይቀው። ራስን የማጥፋት ሐሳብም ሳይጠየቅ የሚያልፈው እንዲህ ነው።

ጎንደር ላይ ደግሞ ባለሙያውና ታካሚው የሚሰሙት ተኩስ አንድ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ከጎንደር በስተሰሜን ካለችው ዳባት ድረስ ደረሰ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈርሞ ዓመት ሳይሞላው የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ለባለሙያው «ጦርነቱ ካለፈ በኋላ» የሚባል ጊዜ አልመጣም።

ሁለት ነገር አይምታታብን። በሥራ ጫና የዛለ ሰው ሥራው ያስጠላዋል፤ እረፍትና የሰው ኃይል ሲጨመር ይሻለዋል። ከታካሚ የሰማው የጎዳው ግን በሌላ ሰው ቅዠት ይነቃል፣ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ ፈቃድ ወጥቶ ቤት ቢቀመጥ ሊብስበት ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመዘኛ በሥራ ምክንያት የሰቆቃን ዝርዝር ደጋግሞ መስማትን ለአደጋ ከመጋለጥ ቆጥሮታል።

እኛ ግን የአንድ ቀን ስልጠና ሰጥተን፣ አበል ከፍለን እንሸኛለን። ከከባድ ቀን ማግስት ሁሉንም ሰብስቦ «ያያችሁትን ተናገሩ» ማለትም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የአንድ ጊዜ ማናዘዝ አይመክረውም። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን መድኃኒት ቤቱ ቅርብ መሆኑ ነው። ለእንቅልፍ ተብሎ በራስ ትእዛዝ የሚጀመር ዲያዜፓም በሳምንታት ውስጥ ይለመዳል፤ ድርጅቱም አደጋ በደረሰ በመጀመሪያው ወር ይህን ዓይነት መድኃኒት ለድንጋጤ ምልክቶች አትስጡ ይላል።

የሚሠራው ነገር ውድ አይደለም፦ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰው፣ የከበደ አንድ ታካሚ ይዞ መነጋገር። ቁልፉ መሪው ላይ ነው። የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው ኃላፊ ከመራው ሁሉም «ደህና ነን» ብሎ ይወጣል፤ የቀረውን ሆድ ይፍጀው። ስለዚህ መሪው ከሌላ ክፍል ወይም ከሌላ ተቋም ይምጣ፤ መንገድ ከተዘጋ በስልክም ይሆናል። ተራ አሰጣጡም ይታይ፦ ሁለት የመደፈር ታሪክ በተከታታይ ለአንድ ሰው አይድረስ፣ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ያደረ ጠዋት ተመላላሽ ክፍል አይቀመጥ።

ይህ ሰዓት ለሐኪምና ለነርስ ብቻ መሆኑም አይገባኝም። «ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው?» ብላ በመስኮት ቀድማ የምትጠይቀው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። እሷ ደግሞ በቀን የምትሰማው ከሁሉም ይበልጣል።