ለእሷው አዝነን ነው እኮ

ለግሉ ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን የሚለው ነገር በተነሣ ቁጥር ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ ባሉት በረንዳዎች ላይ የሚፈሰውን ርኅራኄ ያየ ሰው፣ ጅማን የቡና አገር ብቻ አድርጎ በማሰቡ ያፍራል። እኛ ጅማዎች ለድሃ እናዝናለን። በተለይ ደመወዝ ሊጨመርለት ነው የተባለ ድሃ ካየን እንባችን ቅርብ ነው። ሲራብ ያን ያህል አንጨነቅም፤ ለምዶታል። ሊጠግብ ነው ሲባል ግን ምን ይውጠው ይሆን እያልን እንቅልፍ እናጣለን።

ክርክሩን አንዱ ከስልኩ ላይ ወሬ አንብቦ ይከፍተዋል። ወዲያው አንዲት ማኪያቶ ይዞ ግማሽ ቀን የሚቀመጠው ባለ ሱፉ ወንድማችን ራሱን ይነቀንቃል። «እኔ የማዝነው ለእነሱው ነው። ደመወዝ ጨምር ከተባለ ባለቤቱ ግማሾቹን ያባርራቸዋል» ይላል። ይህን ሲል አስተናጋጇ ክርኑ ሥር ቆማ ጠረጴዛውን እየወለወለች ነው። አያያትም። እሱ የሚያዝነው ለሠራተኛው ነው እንጂ ለእሷ አይደለም።

እሷም አትናገርም። የወር ደመወዟ ከዚያ ጠረጴዛ የሳምንት ሂሳብ እንደሚያንስ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የምትደምረው ራሷ ናትና። ሲነሡ «መልሱን ያዢው» ብለው አምስት ብር ይተዉላታል። ልብ በሉ፣ ይቺን አምስት ብር ማንም አዋጅ አላስገደዳቸውም። ከልብ የመነጨች ናት። እንዲህ ያለውን ቸርነት ሕግ ገብቶበት ቢያበላሸው አያሳዝንም? (ከሰዓት በኋላ፣ ምርቃናው ሲገባ የሚካሄደው ክርክር ደግሞ የባሰ ቸር ነው። እዚያ ለአንድ ሠራተኛ ሃያ ሺህ ብር ሲመደብለት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማታ ግን ይሰረዛል።)

ሁለተኛው የምናደንቀው ጠባያችን ጥንቃቄያችን ነው። ደመወዝ ያለ ጥናት አይነካም። ሌላው ሁሉ ይነካል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ሰኞ፣ 57 ብር ከምናምን የነበረው ዶላር በባንክ ሰሌዳ ላይ ከ74 በላይ ሆኖ ሲታይ፣ መርካቶአችን ውስጥ ያለው ባለ ሱቅ አማካሪ አልቀጠረም፤ መጠይቅ አልበተነም። መደርደሪያ ላይ የከረመው፣ በአሮጌው ዶላር የመጣው ሳሙና አዲሱን ዶላር ሰምቶ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ዋጋውን ቀየረ። ዘይቱም ተከተለው። «ኢኮኖሚው ይሸከመኛል ወይ? ባለድርሻ አካላት ይወያዩብኝ፣ ቀስ በቀስ ይሁንልኝ» ያለ ሳሙና አላየንም። ቆሞ የሚያስብ፣ የሀገርን አቅም የሚያገናዝብ፣ ትዕግሥት የሚጠየቅ ደመወዝ ብቻ ነው።

ጥናቱ ደግሞ በሕግ የታዘዘ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 55ን ክፈቱ። የመንግሥት፣ የሠራተኞችና የሌሎች ባለድርሻዎች ተወካዮች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ፣ የሀገሪቱን ዕድገትና የሥራ ገበያውን አጥንቶ ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው እንደሚያሻሽል ይናገራል። ሥልጣንና ኃላፊነቱን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወስነዋል። እስካሁን ያልነበረን ነገር በየጊዜው ማሻሻል እንዴት ያለ ታላቅ ራእይ ነው! አዋጁ በወጣበት ዓመት የተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ አንቀጹን ራሱ ፊደል እየቆጠረ ለማንበብ ደርሷል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) የሠራተኞች ቀን፣ ሚያዝያ 23፣ በመጣ ቁጥር ይጠይቃል። በረንዳው «ኧረ ጉዳዩ መጠናት አለበት» ብሎ ይመልስለታል። እኛ በችኮላ የሚታማ ሕዝብ አይደለንም።

ለመንግሥት ሠራተኛው ግን ተጨምሯል፤ ያውም ሁለቴ። 1,100 ብር የነበረው ዝቅተኛው ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. 4,760 ብር ሆነ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር ገባ። ይህ ጭማሪ የሆቴል አስተናጋጇን አይመለከትም ያለ ሰው ተሳስቷል። በደንብ ይመለከታታል። ቆጪ አካባቢ ከተከራየቻት አንዲት ክፍል ደጃፍ የተደረገውን ንግግር እነሆ፦

«እታለም፣ ከመጪው ወር ጀምሮ አምስት መቶ ጨምሪበት።»

«እንዴ እማማ፣ ለምን?»

«ደመወዝ ተጨምሮ የለ እንዴ!»

«ለመንግሥት ሠራተኛ እኮ ነው። እኔ የምሠራው ሆቴል ነው።»

«ታዲያ ሽንኩርት ሻጯ ስትጨምርብኝ የማን ሠራተኛ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ?»

እማማ እውነታቸውን ነው። ሽንኩርት መታወቂያ አይጠይቅም። እንዲህ ሆኖ ነው ደመወዝ ያልተጨመረላት ልጅ የተጨመረውን ደመወዝ የምትከፍለው። በረንዳው ይህንንም አጥንቶታል። «አያችሁ? ያልኩት ይኼን ነው! ደመወዝ ሲጨመር ዋጋ ይጨምራል!» ይላል ባለ ሱፉ። የእሷ ደመወዝ ሳይነካ ዋጋው መጨመሩን ግን ከማስረጃ አይቆጥረውም። የእሷ ደመወዝ ወር በገባ ቁጥር እየተሸረፈ መሄዱ ጥናት አያስፈልገውም፤ ማንም ስላልወሰነው ማንም አይጠየቅበትም።

አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪ የሚመስል ልጅ ከሌላ ጠረጴዛ ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ነገር ተጠንቷል» አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ ኒው ጀርሲ የተባለች ግዛት ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ዶላር ወደ 5.05 ዶላር ከፍ ስታደርግ፣ ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ ግን ባለበት እንደተወችው፤ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በሁለቱም ወገን ያሉ አራት መቶ ያህል የፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጠይቀው ሲያወዳድሩ፣ በረንዳው የሚፈራው የቅጥር መቀነስ ኒው ጀርሲ ላይ እንዳልታየ፤ ካርድ እ.ኤ.አ. በ2021 ኖቤል ሲሸለም አንዱ ምክንያት ይኸው ሥራ እንደነበር አስረዳ። ልጁ ደፋር ነው፤ ሻይ ብቻ ነው የያዘው።

ባለ ሱፉ በእርጋታ ሰማው። «ልጄ፣ እሱ አሜሪካ ነው። የኛና የእነሱ ኢኮኖሚ ይገናኛል?» አለው። ሁላችንም ረታው አልን። ማኪያቶው ተደገመ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያው ባለ ሱፍ፣ «አሜሪካ ደመወዝ ሲጨመር ምን ሆነ መሰላችሁ? አስተናጋጁን አሰናብተው ማሽን አስገቡ! በስክሪን ነው የሚታዘዘው!» አለ። አሁንም ረታ አልን። ከአሜሪካ የሚገባ ማስረጃ እኛ በረንዳ ላይ ጉምሩክ አለበት። የሚያስፈራው ከቀረጥ ነፃ ያልፋል፣ የሚያጽናናው ይወረሳል። ልጁ ሐቀኛ ስለሆነ፣ የካርድንና የክሩገርን ውጤት የደመወዝ መዝገብ አገላብጠው የተቃወሙ ሌሎች ኢኮኖሚስቶች እንደነበሩና ክርክሩ እዚያም እንዳልበረደ ጨምሮ ተናገረ። እዚህ ላይ ነበር መጠንቀቅ የነበረበት። በረንዳው ከንግግሩ ሁሉ የያዘው ይህንኑ ብቻ ነው። እዚያ የሚጨቃጨቁት ዝቅተኛው ስንት ይሁን፣ መቼ ይጨመር እያሉ መሆኑን፣ ኬንያም ደቡብ አፍሪካም በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዳላቸው ሊናገር ሲል ሂሳብ መጣ።

ወደ ቡናችን እንመለስ፤ ጅማ ላይ ስለ ደመወዝ አውርቶ ቡና ለቃሚዎቹን መዝለል ነውር ነው። በየመጋዘኑ ሴቶቹ ተደርድረው ተቀምጠው ጥቁሩን፣ ስባሪውን፣ ነቀዝ የበላውን ከደህናው ይለያሉ። የሚከፈላቸው በለቀሙት ልክ ነው። የቅጥር ውል የሚባል ነገር ስለሌላቸው ነገ የሚመጣው ሕግ የትኛው በር ገብቶ እንደሚያገኛቸው እንጃ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ኒው ዮርክ ላይ የአረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ክብረ ወሰን ሰበረ ሲባል፣ በማውቀው አንድ መጋዘን ሴቶቹ ወሬውን ሰምተው ደስ አላቸው። የማያገባቸው ደስታ ነበር። ከመካከላቸው አንጋፋዋ፣ ሁሉም አዴ የሚሏት ሴት፣ «የኛስ ሒሳብ?» ብላ ጠየቀች።

«አዴ፣ ይህ ገበያ አይታመንም። ዛሬ ወጣ ተብሎ ነገ ቢወርድስ?» ተባለች።

ሲወርድማ መልሱ ይበልጥ ቀላል ነው፤ «ገበያው ወድቋል እኮ!» እዚህ ላይ ነጋዴውን አልወቅሰውም። የዓለምን ዋጋ እሱ አይቆርጠውም፣ ለለቃሚ የጨመረውን ኒው ዮርክ ላይ አውጥቶ ሊሸጠው አይችልም። ይህ የክርክሩ እውነተኛ ክፍል ነው፣ በረንዳውም ደጋግሞ ያነሳዋል። እኔን የሚደንቀኝ የገበያው ጠባይ ነው። ሲወድቅ ከነኮተቱ እስከ መጋዘኑ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ ሲወጣ ግን ቢሮ ሲደርስ ይደክመዋል።

የኢንዱስትሪ ፓርካችንንም አንርሳ። በ2011 ሲመረቅ ደስታችን ልክ አልነበረውም። በዚያ ዘመን ባለሀብት ስንጠራ ውኃ አለ፣ መብራት አለ ብለን ስናበቃ አስከትለን የምንላት ነገር ነበረች፤ ርካሽ የሰው ጉልበት። የገዛ ልጆቹን ርካሽ ናቸው ብሎ በኩራት የሚያስተዋውቅ ወላጅ ከየት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ2019 ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ደግሞ ምስክርነቱን ሰጠልን። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የኢትዮጵያ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207 ነበር። ከሩጫ ውጭ ዓለምን እንዲህ በሰፊ ልዩነት የመራንበት ውድድር አላውቅም። ሐዋሳ ላይ ሠራተኞቹ እየተዉ ሲሄዱ፣ «ወጣቱ ሥራ ይንቃል» አልን። ለቤት ኪራይ የማይበቃ ደመወዝ ንቆ መሄድ በእውነቱ ትዕቢት ነው።

ከዚህ ሁሉ የላቀው ግን በግብር የምናደርግላቸው ጥበቃ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ከደመወዝ ግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር፤ በ2017 በተሻሻለው አዋጅ ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ከዚያ በላይ ያለው ላይ መቶኛው ከ15 ይጀምራል። አሠሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ ምን አደረጉ? አንዳንዶቹ ለሠራተኛቸው ካላቸው ፍቅር የተነሣ ደመወዙ 2,000ን እንዳያልፍ ይጠብቁለታል። አንድ ሳንቲም ለግብር እንዳይቆረጥበት! ጡረታም አይቆረጥበትም፤ መዝገብ ላይ የለም። እንዲህ ከመንግሥት ደብቆ የሚያኖር አሠሪ ላይ ነው እንግዲህ ዝቅተኛ ደመወዝ ክፈል ተብሎ ሊጮህበት የታሰበው።

በዚያ ላይ ቤተሰብ ናቸው። «እኛ እዚህ አሠሪና ሠራተኛ አንባባልም፣ ቤተሰብ ነን» ሲባል ሰምታችኋል። ቤተሰብ ትርፍ ሰዓት አይቆጥርም፣ እሑድ ዕረፍቴ ነው አይልም። ትርፉ ሲከፋፈል ብቻ ባለቤቱ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ጠበብ ይላል።

ያም ሆኖ ጅማ ላይ ደመወዝ ያለ ሠራተኛው ፈቃድ ተወስኖ አያውቅም። ይህን የማያምን በየስልክ እንጨቱና በየሱቁ በር የተለጠፉትን ማስታወቂያዎች ያንብብ። «አስተናጋጅ፣ ጾታ ሴት፣ ልምድ ያላት፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላት፣ ተያዥ ማቅረብ የምትችል፣ ደመወዝ በስምምነት።» ምን የመሰለ ዴሞክራሲ ነው! ቦርዱ አጥንቶ ከሚወስን ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ቢስማማ አይሻልም? እኔ ቡና ስጠጣ አንዱ ስምምነት እዚያው ተፈጸመ።

«ስንት ትፈልጊያለሽ?»

«እርስዎ ያሉትን፣ ጋሼ።»

«የለም የለም፣ ንገሪኝ። አትፍሪ።»

ልጅቷ ፈርታ አንድ ቁጥር ተናገረች። ሰውየው ሳቀ፤ ክፋት የለበትም፣ የአባት ሳቅ ነው። ዙሪያውን፣ ባዶዎቹን ወንበሮች አሳያት። ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ከሰል፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ቤቱ ኪራይ አጫወታት። ልጅቷ እንዲያውም አዘነችለት። በመጨረሻ የእሷን ቁጥር በግማሽ ቆርጦ፣ «ለጊዜው በዚህ ጀምሪ፤ ሥራሽን አይተን እንጨምራለን» አላት።

«እሺ» አለች።

እዚያ ቤት ከእሷ በፊት በዚሁ ቃል የገባች አንዲት ልጅ አለች። አራተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ እስካሁን ሥራዋን እያዩላት ነው።