ለክንደ ብርቱዎቹ ምስጋና

እሁድ ዕለት የጀመረኝ የቀኝ እግር ሕመም እስካሁን አልለቀቀኝም። የነዳሁት ግን እኔ አይደለሁም። ጋቢና ነበር የተቀመጥኩት።

መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ከጓደኛ መሃል አንድ አይጠፋም፣ ባለ ክላሲክ ስፖርት መኪና። ሰላምታውን ሳይጨርስ "ፓወር ስቲሪንግ የላትም እኮ" ይላችኋል፤ መሪ ማዞርን የሚያቀለው ማገዣ ማለቱ ነው። "አይዞህ" ልትሉት አፋችሁን ስትከፍቱ "ፍሬኗም ማገዣ የለውም" ብሎ ፈገግ ይላል። ማዘን ሳይሆን ማድነቅ እንደሚጠበቅባችሁ ያኔ ይገባችኋል። ሌላው ሰው ጣሪያው ቢያፈስ ያስጠግናል። ይሄኛው ቢያፈስበት "ከዝናቡ ጋር እንገናኛለን" የሚል ዓይነት ነው።

እና ምስጋና ይገባቸዋል። ዓለም ሁሉ ሸክም ለማቅለል ሲለፋ እነሱ ሸክሙን ፈልገው፣ ከፍለው ገዙት። ክራይስለር ገና በ1951 እ.ኤ.አ. ኢምፔሪያል የምትባለውን መኪናውን ከነፓወር ስቲሪንጓ ለገበያ አቅርቧል። የወዳጄ መኪና የተሠራችው ከዚያ 15 ዓመት በኋላ ነው። ወሬው አልደረሳትም።

ከነካካችሁት "ፌራሪ ኤፍ40ም እኮ የለውም" ይላል። እውነቱን ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤፍ40 ፓወር ስቲሪንግ የለውም፣ የፍሬን ማገዣ የለውም፣ ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስም የለውም። ወዳጄ እንደ አጎቱ ነው የሚጠራው። ኤፍ40 ግን ክብደት ይቀንስ ተብሎ ወለሉ ላይ ምንጣፍ እንኳ ያልተነጠፈለት፣ ለውድድር የቀረበ መኪና ነው። የወዳጄ መኪና ምንጣፍ አላት። ኦሪጅናል። ምንጣፉን ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ፓርክ ሲያደርግ ማየት ነው። በሁለት መኪኖች መሃል ክፍት ቦታ አገኘ። ሌላው እያፏጨ የሚገባበት ቦታ ነው። እሱ መጀመሪያ የእጅ ሰዓቱን ፈታ። ከዚያ እጅጌውን ጠቀለለ። ቀጭኑን የእንጨት መሪ ጨብጦ "አውራ ጣትህን ወደ ውስጥ አታስገባ፤ ጎማው ድንጋይ ከመታ መሪው ዞሮ ይሰብርሃል" አለኝ፣ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው። ከዚያ ገፋ። መሪው ንቅንቅ አላለም። ከወንበሩ ብድግ ብሎ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። የአንገቱ ሥር ተገተረ። ሩብ ዙር ዞረለት።

መኪና በቆመበት መሪ ማዞር ጎማውን አስፋልት ላይ መፍጨት ነው። ትንሽ ቢንቀሳቀስ ይቀለው ነበር፤ ይሄን ያስተማረኝም ራሱ ነው። ግን ቦታው ጠባብ ነው፣ ወዴት ይንቀሳቀሳል? ስለዚህ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ፣ እህ! አንድ ስንዝር ወደ ፊት፣ እህ! መስታወቱ በትንፋሹ ጭጋግ ለበሰ። ከኋላ ሦስት መኪኖች ተሰለፉ። አንዱ ክላክስ አደረገ። ወዳጄ በመስኮት እጁን አውጥቶ ሰላም አለው፤ አድናቂ መስሎታል። አንድ መንገደኛ ጠጋ ብሎ "ልግፋ እንዴ?" አለ። ሁለት ልጆች ቆመው ወደ ፊትና ወደ ኋላውን መቁጠር ጀመሩ። 11 ላይ ሰለቻቸውና ሄዱ። በመጨረሻ ገባ። ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ዞሮ አየ። የኋላ ጎማው መስመሩን ረግጧል። ተመልሶ ገባና እጅጌውን እንደገና ጠቀለለ።

"ታናግርሃለች እኮ!" አለኝ እያለከለከ።

እኔም ሰምቻታለሁ። "ተወኝ" ነው የምትለው።

እውነት ለመናገር፣ መንገዱ ሲከፈት ሌላ ፍጥረት ናት። ፍጥነት ስትጨምር መሪው ይቀላል። የአስፋልቱ ስንጥቅ ሁሉ መዳፍ ላይ ይመጣል ይላል፣ ፊቱን አይቼ አምኜዋለሁ። ኩርባ ላይ የፊት ጎማ ሊለቅ ሲል ቀድሞ የሚያውቀው እጅ ነው። ደስ ይላል። ይሄን ግን ለእሱ እንዳትነግሩብኝ፤ ሁለት ሰዓት ያስወራዋል።

ከዚያ ዜብራ ላይ ደረስን። አንድ አዛውንት በምርኩዝ ይሻገራሉ። ወዳጄ ፍሬኑን ረገጠ። ሌላው መኪና ከሞተሩ በሚያገኘው ቫክዩም የእግርን ጉልበት ያበዛል፤ እዚህ ያለው እግር ብቻ ነው። ደግሞ ረገጠ። ስንቆም የመኪናዋ አፍንጫ ዜብራውን አልፏል። አዛውንቱ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ዝም ብለው አዩን። ወዳጄ ሳቀ። "ይሄ ነው ፊሊንጉ!"

የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠየቅኩት። አያስታውስም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲግል ይፈላል፣ ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ማገዣ የሌለው ፍሬን በራሱ ጥፋት የለበትም፤ በወጉ ከተያዘና ቀድመህ ከረገጥከው ያቆማል። ፍጥነትህን እጥፍ ስታደርግ ግን ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ይሄን ሳያውቁ ሰው መሃል መንዳት ምኑ ነው የሚያስቀው? የገዛ ወገብህን ስበር፣ መብትህ ነው። እኚያ ሰውዬ ግን ለአንተ ፊሊንግ አልፈረሙም!

ይቅርታ። ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ማታ ደወለልኝ። ስለ አዛውንቱ ሊያነሳ መስሎኝ ነበር።

"ጋቢና ያለውን ምንጣፍ ምን አደረግከው?" አለኝ። በቀኝ በኩል የጫማ ተረከዝ የሚያህል ቀዳዳ አግኝቷል። ለካ ዜብራው ጋ እኔም ስረግጥ ነበር፤ በሌለ ፍሬን ላይ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ።

"ኦሪጅናል እኮ ነው" አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ። "እንዲህ ያለ ከየት አመጣለሁ?"