ቅጠል ያለበትን ስጠኝ

ልጄ ከተወለደች ሦስት ወር አለፋት። በነዚህ ሦስት ወራት ስለ ልጅ ብዙም አልተማርኩም። ስለ ከተማዬ ሰው ግን ተምሬያለሁ። ጎንደሬ የሚኮራው በግንቡ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ በዳይፐሩም ይኮራል።

የማያምን ፒያሳ ካሉት ሱቆች አንዱ ደጃፍ ላይ ትንሽ ይቁም። "ቅጠል ያለበትን ስጠኝ" ይላል ደንበኛው። ቅጠሉ "ለአካባቢ ተስማሚ ነው" ለማለት ማሸጊያው ላይ የተሳለው ነው። ባለ አንድ ቅጠል አለ፣ ባለ ሁለት ቅጠል አለ። ቅጠሉ ላይ የውሃ ጠብታ ያረፈበት ደግሞ ሌላ ዋጋ ነው። ባለሱቁ ነገሩ ቶሎ ስለገባው ቅጠል የሌለውን ወደ ታችኛው መደርደሪያ አውርዶታል። ያንን የሚገዛ ወላጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው።

እኛ ቤት ግን ከዚህም ያልፋል። እህቴ ከውጭ ስትመጣ አንድ ሻንጣ፣ ድፍን 23 ኪሎ፣ የቀርከሃ ዳይፐር ይዛ መጣች። እማዬ አገላብጣ አየችው። "ቀርከሃ እኛ ዘንድ ወንበር ይሠራበታል እንጂ..." አለች። "እማዬ፣ ይሄ እኮ መሬት ውስጥ ይበሰብሳል" አለቻት እህቴ።

አልዋሸችም፤ ግማሹን ነው የተናገረችው። ከቀርከሃ የሚሠራው በአብዛኛው የልጅቷን ገላ የሚነካው ስስ ጨርቅ ነው። መሃሉ ላይ ሽንቱን ጠጥቶ እንደ ጄሊ የሚያብጠው ነጭ ዱቄት ግን ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ይባላል። የነዳጅ ዘመድ ነው። ጎኑን ሰብስቦ የሚይዘው ላስቲክም እንደዚያው። ይበሰብሳል የተባለው ክፍልም ቢሆን አየርና እርጥበት ካላገኘ፣ ፌስታል ውስጥ ታንቆ ሲቀመጥ፣ ቶሎ የሚበሰብስ ነገር አይደለም። ግን ይህን ለአራስ ጠያቂ እንዴት ብዬ ላስረዳ? ገንፎ የሚበላ ሰው ስለ ነዳጅ መስማት አይፈልግም። ጠያቂዎቹ ሻንጣውን አይተው "እሰይ፣ ለአካባቢ የምታስቡ!" አሉን። ሚስቴም በልጃችን ክርስትና ዕለት ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥታ ሳሎን አስቀመጠችው።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልምጣ።

አንድ ሕፃን በቀን ስድስት ዳይፐር ቢጨርስ በዓመት 2190 ነው። ይህ ሁሉ የት ይገባል? የጎንደር ሰው ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቀን አይጥልም። ቀን መጣል ነውር ነው፤ ሰው ያያል። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ጋሪያቸውን ገፍተው እስኪመጡ መጠበቅም ቤት ያሸታል። ስለዚህ ይመሻል። ጋቢ ይለበሳል። ከጋቢው ሥር ፌስታል ይገባል። ከዚያ ወደ ቀሃ ወንዝ አጭር የእግር ጉዞ ይደረጋል። ለጤናም ጥሩ ነው።

ሕግ አክባሪነታችንም ይመዝገብልን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳ ፌስታል ከለከለ። እኛም ወፈር ባለው ጠቅልለን ጣልን። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን ጭራሽ የሚያግድ አዋጅ አጸደቀ። ይኸው አሁን አንዳንዱ ጎረቤቴ ዳይፐሩን ራቁቱን መወርወር ጀምሯል። ከዚህ በላይ ለሕግ መገዛት ከየት ይመጣል?

ሃይማኖታችንንም አልረሳንም። ለጥምቀት የፋሲለደስ መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ በሚመጣ ውሃ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ማንም ቢሆን ወደ ላይ አይጥልም፤ ከቤቱ በታች ነው የሚጥለው። ከኛ በላይ ያሉትም ከቤታቸው በታች ይጥላሉ። ከነሱ በላይ ያሉትም እንዲሁ። ወደ ላይ የጣለ አንድም ሰው የለም።

ዳይፐሩ ደግሞ ዕድለኛ ነው። እኔ ጣናን ለማየት የመኪና ገንዘብ አጠራቅማለሁ። እሱ ክረምት ሲገባ በነፃ ይሄዳል። ከቀሃ ወደ መገጭ፣ ከመገጭ ወደ ጣና። እዚያ እምቦጭ ይቀበለዋል፤ ብቻውን ከሚሆን ጓደኛ አገኘ።

ከሁሉም የሚያስቀናኝ ግን ጥሙ ነው። ያ ነጭ ዱቄት የራሱን ክብደት ብዙ እጥፍ ውሃ ይጠጣል። እኛ ቢጫ ጀሪካናችንን ደርድረን ፈረቃችንን ስንጠብቅ፣ ወንዙ ዳር የተጣለው ዳይፐር ጠጥቶ፣ አብጦ፣ ጋደም ብሏል። በዚህ ከተማ ውሃ እስኪበቃው የሚጠጣ እሱ ብቻ ነው።

እማዬ ይሄን ሁሉ አይታ ዝም አላለችም። አሮጌ ነጠላዋን ቀድዳ፣ አጣጥፋ፣ እንደ ድሮው የሽንት ጨርቅ አዘጋጀች። ልጅቷን እግሮቿ መሃል አስቀምጣ "እሽሽሽ" ትላታለች። ልጅቷም ታዝዛ ትሸናለች። ዳይፐር አልባ! እኔ አንድ ቀን ሞክሬው ሱሪዬ ላይ ሸናችብኝ። ሙያ ነው።

ጨርቁ ታጥቦ ሽቦ ላይ ሲሰጣ ግን ሚስቴ አልቻለችም። "ኧረ እማዬ፣ ሰው ምን ይላል? ዳይፐር መግዛት አቃታቸው አይሉንም?" አለች። እማዬ "እናንተንም በዚሁ ነው ያሳደግኩት" አለች። "እሱማ ያኔ ነው" አለች ሚስቴ። ጨርቁ ከሽቦው ወርዶ ጓሮ ተሰጣ።

ለሚስቴ ፍርድ ልስጥ፤ ነገሩ የኩራት ብቻ አይደለም። የሽንት ጨርቅ ውሃ ይፈልጋል፣ ውሃው በፈረቃ ነው። እንግሊዞች የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት የጨርቅንና የዳይፐርን ጉዳት አነጻጽረው ነበር። ጨርቁ የሚሻለው እንደ አስተጣጠቡ ነው አሉ። አጠራቅሞ በአንዴ ማጠብ፣ በማሽን ከማድረቅ ሽቦ ላይ ማስጣት፣ ለሁለተኛው ልጅም ማቆየት። ለእማዬ ስነግራት "ይሄን ለማወቅ ነው ጥናት ያስፈለጋቸው?" አለችኝ። ጓሮ ሄዳ የደረቀውን መሰብሰብ ጀመረች።

ባለፈው ሳምንት ማታ ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። እማዬ ተኝታ ነበር። ድልድዩ ጋ ስደርስ አንድ ትልቅ ሰው ከጎረቤት፣ እሳቸውም ጋቢ ለብሰው፣ ቀድመውኝ ቆመዋል። ልጃቸው በቅርቡ አያት አድርጋቸዋለች።

"እንደምን አመሹ፣ አያ" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ንፋስ ልቀበል ብዬ ነው። አንተስ?"

"እኔም ለንፋስ ነው።"

ንፋስ አልነበረም። ሁለታችንም አንድ አንድ እጃችንን ከጋቢው ሥር እንደያዝን ትንሽ ቆምን። ስለ ዝናብ አወራን። ስለ ውሃ አወራን። ወንዙ ስለ መቆሸሹ እሳቸው አነሱ፤ "የዘንድሮ ሰው!" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅኩ። ማን ቀድሞ ፊቱን እንደሚያዞር ስንጠባበቅ ከሥር፣ ከወንዙ በኩል፣ አንድ ውሻ ወጣ። በአፉ የያዘው ገና አልተቀደደም። ድልድዩ ላይ መጥቶ እግራችን ሥር አስቀመጠውና ጭራውን ቆላ።

ባለ ሁለት ቅጠል ነበር።