ብሌድ ራነር 2049፦ ደግመው ሲያዩት ይሻላል ወይስ ይብሳል?

ብሌድ ራነር 2049 እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ በገበያ አልቀናውም። ሪድሊ ስኮት በ1982 ለሠራው ፊልም ተከታይ ነው። ዳይሬክተሩ ዴኒ ቪልነቭ ነው፤ ርዝመቱ 163 ደቂቃ። ሁለት ጸሐፊዎች ደግመው አይተውት ሊስማሙ አልቻሉም። ታሪኩ እስከ መጨረሻው ይነሳል፤ ያላያችሁት ካላችሁ አስቀድማችሁ እዩት።

ደጋፊ

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደክሞኝ ነው የወጣሁት። ፊልሙ ቀስ ይላል። ምስሉ ያምራል፤ ካሜራውን የያዘው ሮጀር ዲኪንስ 13 ጊዜ ታጭቶ ያጣውን ኦስካር ያገኘው በዚህ ፊልም ነው። ግን ምስል ብቻውን ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት።

በቅርቡ ደግሜ አየሁት። ሌላ ፊልም ሆነብኝ።

ኬ ፖሊስ ነው። ራሱም የተሠራ ሰው፣ ሬፕሊካንት ነው። ሥራው ያመለጡ መሰሎቹን አድኖ መግደል ነው። አንድ ቀን አንዲት ሬፕሊካንት በወሊድ መሞቷን የሚያሳይ አጽም ይገኛል። የተወለደው ልጅ የት ገባ? ኬ ቀስ በቀስ «እኔ ነኝ» ብሎ ያምናል። እኛም አብረነው እናምናለን። ግን አይደለም። ልጇ አና ናት፤ መስታወት ክፍል ውስጥ ተዘግታ ለሬፕሊካንቶች ትዝታ የምትሠራው ሴት።

ይህን እያወቃችሁ አና የኬን ትዝታ የምታይበትን ቦታ እዩት። ሕፃን ልጅ የእንጨት ፈረስ ይዞ ይሸሻል። አና ታለቅሳለች። መጀመሪያ ለኬ ያዘነች መስሎኝ ነበር። ለካ የምታየው የራሷን ልጅነት ነው! አንድም ቃል አልተጨመረም። እኔን ግን አንጀቴን የበላኝ በሁለተኛው ነው።

ተቃዋሚ

ወንድሜ፣ እኔም ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። በአና ለቅሶ እውነትህን ነው። ግን እስቲ ልጠይቅህ፤ ታሪኩ የማን ነው? ሬፕሊካንት አይወልድም ይባል ስለነበር፣ ተአምር የተባለችው እሷ ናት። ሁሉም የሚፈልጋት እሷን ነው። ከ163 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ አየናት? ከዚያ ክፍል ሳትወጣ፣ ሁለት ጊዜ። የቀረውን የምንከተለው ትዝታዋን የኔ ነው ብሎ ያመነውን ወንድ ነው።

መጀመሪያ ሳየው ይሄ አልታየኝም። ምሥጢሩ ይዞኝ ነበር። ምሥጢሩ ሲፈታ የቀረው ነው ያስከፋኝ። ዋላስ የሚባለው ባለፋብሪካ አዲስ የተሠራች ሴት ራቁቷን አቁሞ ሆዷን በስለት ይወጋል። መውለድ ስለማትችል። ክፋቱን ለማሳየት ነው ይባላል፤ እሺ። ስሟን እንኳ ሳናውቅ ካሜራው ለምን ያን ያህል እሷ ላይ ይቆያል? የኬ ፍቅረኛ ጆይም በገንዘብ የምትገዛ የብርሃን ምስል ናት። እሱን ከማስደሰት ሌላ ሕይወት የላትም።

የሬፕሊካንት አማፂዎቹስ? መሪያቸው ፍሬይሳ ጦር እየተዘጋጀ ነው ትላለች። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሱ አይታወቅም።

ብዙ ሰው «የ1982ቱም መጀመሪያ አልተወደደም፤ ጊዜ ይፈርዳል» ይላል። ያኛው ግን በ1992 እና በ2007 እንደገና ተቀናብሮ ወጥቷል። የተለወጠው ተመልካቹ ብቻ አልነበረም።

ደጋፊ

እህቴ፣ በዋላስ አልከራከርሽም። እሱ ንግግር ሲጀምር እኔም ሰዓቴን አያለሁ።

በጆይ ግን አልስማማም። ቁጥር ብቻ የነበረውን ሰው «ጆ» ብላ ስም ያወጣችለት እሷ ናት። እሷ ከጠፋች በኋላ፣ ድልድይ ላይ፣ ግዙፍ የማስታወቂያ ጆይ ወደ እሱ ጎንበስ ትላለች። እሷም «ጆ» ትለዋለች። ኬ ቆሞ ያያታል። ፊቱን ልብ ብዬ ያየሁት በሁለተኛው ነው። የተመረጠ ልጅ አይደለም። ፍቅሩም ምናልባት ሸቀጥ ነበር። ምንም የቀረው የለም።

የአና አባት የሆነውን ዴካርድን ለማዳን የሚሄደው ከዚያ ነው። አባቱ ያልሆነን ሰው ወደ ልጁ ለማድረስ። ማንም አላዘዘውም። እንዲያውም ፍሬይሳ ግደለው ብላው ነበር። ለኔ አማፂዎቹ የገቡት ለዚህ ነው፤ ኬ እምቢ የሚለው ትእዛዝ እንዲኖር። እንዲህ ባሉ ፊልሞች ጀግናው የተመረጠው ሰው ሆኖ ይገኛል። ኬ አለመሆኑን ካወቀ በኋላ ነው ጀግና የሚሆነው። ይህን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እያወቁ ማየት ሌላ ነገር ነው።

ተቃዋሚ

የአማፂዎቹን ነገር እንደዚያ አላየሁትም ነበር። ትእዛዙ ያስፈልግ ነበር፤ ተቀብያለሁ። ድልድዩም ጥሩ ነው። ግን አሁንም የምትነግረኝ የኬን ታሪክ ነው።

መጨረሻውን አስታውስ። ውጭ ኬ ቆስሎ ደረጃው ላይ ተጋድሟል፤ በረዶ ይወርድበታል። ውስጥ አና የሠራችው በረዶ በዙሪያዋ ይወርዳል። ዴካርድ ይገባል። እጁን መስታወቱ ላይ ያደርጋል። ፊልሙ እዚያ ያልቃል። ለእሱ ጥሩ መጨረሻ ነው፤ ልጁን አግኝቷል። እሷ ግን የመጣው ሰውዬ ማን እንደሆነ አታውቅም። ሁለቱንም ጊዜ ማን እንደሆነ እስክትጠይቀው ጠበቅኩ። ሁለቱንም ጊዜ ሳትጠይቀው ስክሪኑ ጨለመ።