ከላሙ የተመለሰው ሰው

ነገሩን የጀመረው ከኬንያዋ ላሙ ደሴት በቅርቡ የተመለሰ ወዳጃችን ነው። ፊቱን ፀሐይ አጥቁሮታል፣ የአፍንጫው ቆዳ ይላጣል፣ ልቡ ግን አልተደሰተም። «ለዕረፍት ሄጄ ደክሜ መጣሁ» አለን።

«ምን ጎደለብህ?» አለችው ደሴቱን ከዓመታት በፊት ያየች ሌላዋ ወዳጃችን።

«ምን ያልጎደለ አለ? አውሮፕላኑ የሚያርፈው ማንዳ በሚባል ሌላ ደሴት ላይ ነው። ከዚያ ሻንጣን ይዞ ጀልባ። ከጀልባ ሲወርዱ ታክሲ የለም። በጠባቧ መንገድ ላይ አህያ ሲሚንቶ ተጭኖ ሲመጣብኝ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ አሳለፍኩት። ሌሊቱን ደግሞ ሲያናፋ ያድራል።»

ሳቀችበት። «አህያ የሌለበት ብትፈልግ ሌላ ቦታ ሞልቶልህ ነበር። መንገዱ የጠበበው እኮ ሰዎቹ ማስፋት አቅቷቸው አይደለም። ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ለመንገዱ ጥላ ይሆኑታል። ግድግዳው የኮራል ድንጋይ ነው፣ ጣሪያውን የተሸከመው የማንግሮቭ እንጨት፤ ውፍረቱ ሙቀቱን ደጅ ያስቀረዋል። በየበሩ አጠገብ ያለውን የድንጋይ መደብ አላየኸውም? ባራዛ ይሉታል። እንግዳ የሚቀበሉትም፣ ወሬ የሚለዋወጡትም እዚያ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተማውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ለመልኩ ብቻ መሰለህ? ሰው ዛሬም ስለሚኖርበት ጭምር ነው። ለመሆኑ ስንት ቀን ቆየህ?»

«ሦስት።»

«በሦስት ቀን ላሙ ሰላምታ እንኳ አትመልስልህም።»

እሱም አልተሸነፈም። የመርከብ ጉዞ ሦስት ሰዓት ላይ ተቀጣጥሮ እስከ ቀትር ባሕር ዳር መቀመጡን ነገረን። «ውኃው ሸሽቶ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ተቀምጣለች። ባለቤቷ በስዋሂሊኛ ‹ፖሌ ፖሌ›፣ ቀስ በል፣ ይለኛል።»

«ታዲያ ምን ያድርግ? ባሕሩን የምትስበው ጨረቃ ናት፤ ቀጠሮ አክብሪ ይበላት?» አለችው።

እዚህ ላይ እስከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩት አንጋፋው ወዳጃችን ገቡ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ሲናገሩ ደግሞ ሰው አይመርጡም። «ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ራሳችሁ ነው» አሉ። «አንተ እዚያ ከተማ ፈለግህ። አንቺ ደግሞ የድሮ ሥዕል ፈለግሽ። ልጄ፣ አንቺ ቤትሽ የምትወጪው በአሳንሰር ነው። የላሙ ወጣት ግን ላንቺ ፎቶግራፍ ሲል ዕድሜውን ሙሉ አህያ ይንዳ? ሞተር ብስክሌት ገባ ብለሽ ስታዝኚ ሰምቼሻለሁ። ምጥ የያዛት ሴት ብትጠየቅ ምን የምትል ይመስልሻል?»

ጥያቄው ከበዳት። ቆይታ ግን መለሰች፦ «አይለወጡ አላልኩም፣ ጋሼ። የሚለውጠው ማን ነው ነው የምለው። እዚያው ደሴቱ ላይ ባለችው ሼላ መንደር ውስጥ ስንቱን ቤት የውጭ አገር ሰው ገዝቶታል። ማዶ ደግሞ ትልቁ ወደብ መጣ። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀምሯል። ዓሣ አጥማጁን ማን ጠየቀው?»

«እሱን ለእነሱ ተይላቸው» አሉ ጋሼ፤ ክርክሩም በዚሁ ተበተነ።

እኔ በትንሹ ጉዳይ ከሴትዮዋ ጋር ነኝ። ሦስት ቀን የውኃውን መሙላትና መጉደል ለመልመድም አይበቃም። ነፋሱ እንኳ ተራ አለው፤ ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ኩሲ ከደቡብ፣ እያንዳንዱ በወራት የሚቆጠር ጊዜ ይነፍሳል። የመርከቦቹ ቀን መቁጠሪያ ለዘመናት ይኸው ነበር። እንዲህ ባለ ደሴት ላይ ደርሶ የሦስት ሰዓት ቀጠሮ አልተከበረልኝም ብሎ መቆጣት የራስን ሰዓት ሻንጣ ውስጥ ይዞ መሄድ ነው።

በትልቁ ጉዳይ ግን ሁለቱም፣ ጋሼም ሴትዮዋም፣ የላሙን ሰው አፍ የሌለው አድርገውታል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ነዋሪዎቹ የወደቡን ጉዳይ ፍርድ ቤት አቅርበው እ.ኤ.አ. በ2018 ማሊንዲ ያስቻለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለ4,600 ገደማ ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ወስኗል። በዓመቱ ደግሞ ከደሴቱ ማዶ ሊሠራ የታሰበውን የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ተሟግተው፣ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳዮች ዳኝነት አካል ፈቃዱን ሰርዞታል። የትኛው ለውጥ ይግባ፣ የትኛው ደጅ ይቅር የሚለውን የሚከራከሩበት ራሳቸው ናቸው። የእኛ የአራት ሰው ሸንጎ አያስፈልጋቸውም።

የእንግዳው ድርሻ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ወዳጃችን የወደቀውም እሱው ላይ ነው። ሰዎቹ ፊት ነሱኝ ሲለን ምን ለብሰህ ነበር ብለን ጠየቅነው። በዋና ቁምጣ፣ ደረቱን ገልጦ፣ መስጊዶቹ በተደረደሩበት በአሮጌው ከተማ መካከል አቋርጧል። ይህን የነገረን እየሳቀ ነው። ላሙ ላይ ግን አብሮት የሳቀ አልነበረም።